በሸክላው ጉድጓድ ላይ የበቀለ ማገጥ

ነሐሴ 9 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ወረታ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሥር ነቅዬ ተመለስሁ። ጭቃው እስከ ጉልበት። ጫማ በእጅ፣ ዶማ በትከሻ፤ ከቁሐር ሚካኤል መንደር እስከ ቤቴ፣ እስከ ወረታ ድረስ እንዲሁ። (ከአሁን ወዲያ ቁ/ሚካኤል ብዬ አሳጥራለሁ። አዲስ ደብተር ነህና ልመደው።)

ዝናቡ አባርቷል። ርብ ግን ዳሩን ጥሶ ሜዳውን ይዞታል። ከብቱ ወደ ደጋው ሸሽቷል። ውኃ ያልያዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ጉብታ ብቻ። የሙከራ መደቤም እዚያው ነው።

አሮጌው ደብተር ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ላንተ ደግሞ ላጫውትህ።

ቦታው የሸክላ አፈር ይወጣበት የነበረ ጉድጓድ ነው። እትዬ ስንዱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ስትቆፍረው ኖራለች። ባለቤቷ ታፈረ ቀጥቃጭ ነው፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። ቤታቸው ከጉድጓዱ አጠገብ። መሬቱ ግን የመንደሩ የወል ግጦሽ ነው። ዓምና ሽማግሌዎቹ ድፈኚው አሏት፤ ደፈነችው። የደፈነችበት አፈር ከጥልቅ የወጣ ግራጫ አፈር ስለሆነ ላዩ ላይ ምንም አልበቅል አለ። ሰርዶ እንኳ አልያዘውም። መንደሩ ግጦሻችንን ገደለችው ብሎ ተቆጣ። ከኅዳር ጀምሮ ሁለተኛ እንዳትቆፍር ሊከለክሏት ነው። ሌላ ሸክላ አፈር በቅርብ የለም። ከተከለከለች ሥራዋ አበቃ።

እኔ የተቀጠርሁት ግጦሽ ለማሻሻል ነው። ነገሩን ስሰማ እስቲ ቦታውን ስጡኝ አልሁ፤ ሰጡኝ። በሰኔ ለሁለት ከፈልሁት። በሁለቱም ላይ ከዚሁ አገር የተለቀመ የማገጥ ዘር ዘራሁ። ማገጥ ያቺ ባለሦስት ቅጠሏ፣ ከብት የሚሻማባት። በግራው መደብ ላይ ግን ሌላ ነገር ጨመርሁበት፦ ማገጥ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚበቅልበት ከወንዙ ዳር በጆንያ ያመጣሁትን አፈር። ስስ አድርጌ በተንሁት። መንደርተኛው አፈር በአፈር ላይ ሲበትን ብሎ ሳቀብኝ።

ዛሬ ከሁለቱም ነቀልሁ። የቀኙ ቢጫ፣ የቀጨጨ፤ ሥሩ እንደ ክር ልሙጥ። የግራው አረንጓዴ፤ ሥሩ ላይ የጎመን ዘር የሚያካክሉ እባጮች ተንጠልጥለዋል። አንዷን በጥፍሬ ሰበርኋት። ውስጧ ቀይ።

ገባህ? እባጮቹ ቤት ናቸው። በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት ይኖሩባቸዋል። ከአፈሩ ወደ ሥሩ ይገባሉ፤ ሥሩ ያስጠጋቸዋል፤ እነሱም ከአየር ወስደው ተክሉን ይመግቡታል። ከጥልቅ በወጣው ግራጫ አፈር ውስጥ አልነበሩም። በጆንያ ተሸክሜ ያመጣኋቸው እነሱን ነው። በትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተሥለው አይቻቸው ነበር። ዛሬ በጥፍሬ ላይ ደም የመሰለ ነገር ትተውልኝ ሄዱ።

ጾም ነው፣ እህል አልቀመስሁም። ረሃቡ ግን አልተሰማኝም።

ነሐሴ 12፣ ማታ

ሚካኤል። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ መርሻ ወደ መደቡ ወረዱ። የመንደሩን ጠብ ሁሉ የሚዳኙ እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉና ሥሩን አሳየኝ አሉ። አሳየኋቸው። ብዙ ጠየቁ። ይሞታሉ ወይ አሉ። አዎ አልኋቸው፤ የላይኛው አፈር ቤታቸው ነው፤ ከታች ገብቶ ሲቀበር ያልቃሉ። ይባዛሉ ወይ? ይባዛሉ። ታዲያ ቆፋሪዋ የላዩን አፈር ለብቻው አስቀምጣ መልሳ ከላይ ብታለብሰውስ? ይኸው ነው አልኋቸው፤ እኔም ልል የፈለግሁት ይኸንኑ ነው።

እትዬ ስንዱ ከአጥሯ ሥር ቆማ ትሰማለች፤ አልቀረበችም። ቄሱ ከሄዱ በኋላ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩን እስከ ጥቅምት ሚካኤል አቆይተውታል አልኋት። ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እርስዎ እያለች ነው የምታናግረኝ። በዕድሜ ታላቄ ናት። ተይ ብላት አልተወችም።

ነሐሴ 21

ዝናብ። ከቤት አልወጣሁም። ከደብረ ታቦር የመጣ ነጋዴ የጥሩዬን መልእክት አደረሰልኝ። ባለቤቴ ደህና ናት፤ ሆዷ ገፍቷል፤ እናቷ ዘንድ ናት። ወደዚያ ተዛወር ትላለች። ወባ አለበት ብላ እዚህ ፎገራ አትወርድም። እውነቷን ነው። ኃላፊዬ ሲመጣ ስለ ዝውውሩ እጠይቀዋለሁ።

የጣራው ቆርቆሮ ሲንጫጫ ራሴን አመመኝ።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። የመንደሩ ልጆች ራቁታቸውን በዝናቡ ይራወጣሉ። ማገጡ ማበብ ጀመረ። የግራው። የቀኙ እዚያው ነው፣ ቢጫ።

መስከረም 1 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ እሑድ

እንኳን አደረሰህ።

ውኃው እየሸሸ ነው። መደቡን ሊያዩ ሰዎች መጡ። ባለፈው የሳቁት ሁሉ። የግራው ሐምራዊ አበባ ለብሷል፤ ሲረግጡት እግር ይውጣል። አያ ደምሌ የሚባለው ገበሬ ቁጢጥ ብሎ በእጁ ዳበሰው። በዚህ ሜዳ ላይ እንደሱ በሬ የሚያበላ የለም። ዳልቻና ቡሬ፤ አብረው ያደጉ ጥማድ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው። በሰኔ ከሁሉ በላይ የሳቀብኝ እሱ ነበር። ዛሬ ከብት መች ይገባበታል አለኝ። ገና ነው አልሁት። ግን ጥያቄው ልቤን ሞቅ አደረገው፤ አልዋሽህም።

እትዬ ስንዱ ዛሬ ከአጥሯ ወጥታ ከሰዎቹ ጋር ቆማ አየች። ማንም ምንም አላላትም። ዓምና ቢሆን አትደፍርም።

መስከረም 9

ኃላፊዬ ከባሕር ዳር መጣ። መኪናው ከወረታ አላልፍ ስላለ በበቅሎ ወሰድሁት። ማረፊያ ፈልጎ ሲያጉረመርም ቆየና መደቡን ሲያይ ድካሙን ረሳው። በግራና በቀኙ መካከል አቁሞ ፎቶግራፍ አነሣኝ። ስለ ዝውውሩ አነሣሁበት። ሥራው እንዲህ ከተቃና ደብረ ታቦር ያንተ ነው አለ።

ደስ ደስ ብሎኛል። ለጥሩዬ መልእክት ልኬያለሁ።

መስከረም 19፣ ማታ

ዳልቻ ሞተ። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ትናንት አያ ደምሌ ለመነኝ። በሬዎቹ ከደጋ ገና መመለሳቸው ነው፣ ከስተዋል። ውኃው የተወውን መሬት አርሶ ጓያ ሊዘራ ነው፤ አንድ ጧት ብቻ ማገጡ ላይ ላሰማራቸው አለ። እሺ አልሁት። ለምን እሺ አልሁ? መደቤን ከብት ሲበላው ማየት ስለፈለግሁ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጧት ጤዛው ሳይረግፍ አስገባቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው በሉ፣ በሉ። አያ ደምሌ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ዳልቻ መብላቱን ተወ። በግራ በኩል ሽንጡ ተነሣ፤ ጎድጓዳው ሞልቶ እንደ ከበሮ ተወጠረ። አፉን ከፍቶ ያቃስታል። ወዲያው ቡሬንም ጀመረው።

ወደ ታፈረ ቤት ሮጥሁ፤ ቅርቡ እሱ ነው። ቀጭን ቢላዋ ይዞ ወጣ። እትዬ ስንዱ ከአጥሯ ሸምበቆ ሰብራ ተከተለችን። ስንደርስ ዳልቻ ወድቋል። ስንዱ መሬት ተቀምጣ ራሱን ጭኗ ላይ ደገፈችው። እንደያዘችው ሞተ።

ለቡሬ ደረስሁለት። በግራ በኩል፣ ከመጨረሻዋ ጎድን ኋላ፣ ከሁሉ በላይ በተወጠረው ላይ። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም፤ ሲሠራ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። አያ ደምሌ ልትገድለው ነው ብሎ ክንዴን ያዘ። ታፈረ አስለቀቀው። ወጋሁት። ሸምበቆውን በቁስሉ አስገባሁ። ነፋሱ ከነአረፋው ወጣ፣ ሽታው ያስታውካል። አረፋው ሸምበቆውን ደፈነው፤ ጠርጌ መልሼ አስገባሁ። ከነታፈረ ቤት የኑግ ዘይት አምጥተን በአፉ አፈሰስንለት፣ አረፋውን እንዲያከስመው። ቀስ እያለ ሽንጡ ረገበ። ከቀትር በኋላ በእግሩ ሄደ።

አያ ደምሌ ከዳልቻ ራስ አጠገብ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ጆሮውን እየደባበሰ ዝንብ ያባርርለት ነበር። የሞተ በሬ።

መስከረም 20

ቄስ መርሻን አስፈቅጄ ዳልቻ ከመቀበሩ በፊት ሆዱን ከፈትን። አረፋ ብቻ፤ በአረፋው ውስጥ የማገጥ ቅጠል። ቄሱ አዩ። አያ ደምሌም አየ። እርጥብ ማገጥ በባዶ ሆድ እንዲህ ያደርጋል አልኋቸው። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አያ ደምሌ ዞሮ ሄደ።

አንድ ነገር ግን አልተናገርሁም። ይህን ከዚያ ጧት በፊት አውቀው ነበር። ተምሬዋለሁ። ደስታ አስረሳኝ። ይኸን ለማንም አላልሁም። ላንተ አልሁ።

መስከረም 24

አከራዬ ወ/ሮ ጥዑም ከገበያ ሰምታ መጣች። የቁ/ሚካኤል ሸክላ ሠሪ የደምሌን በሬ በላችበት ይባላል አለችኝ። ዓይኗ ነው ይላሉ። አልገባኝም፤ ደግማ ነገረችኝ። አያ ደምሌ ራሱ ነው አሉ የተናገረው፤ በዓውደ ምሕረቱ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ።

ተነሥቼ ቁ/ሚካኤል ሄድሁ። እውነት ነው። እንዲህ ብሏል፦ ማገጡ ከሆነ ሁለቱም ለምን አልሞቱም? የሞተው እሷ የያዘችው ነው። የተረፈው እሷ ያልነካችው ነው።

መንገድ ላይ ቆሜ ይህን ብዙ ጊዜ አሰብሁት። ሐዘን እንዲህ አድርጎ ያቀናብራል። ያየውን ነው የተናገረው፤ ያየው ሁሉ ደግሞ እውነት ነው። የያዘችው ሞተ። ያልያዘችው ተረፈ።

እትዬ ስንዱ ቤት ገባሁ። እንስራና ድስቶቿ ከይፋግ ገበያ እንደ ሄዱ ተመልሰዋል፤ ገዢ አልቀረበም። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ገንቦአቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። ለታፈረም ማረሻ የሚያመጣለት የለም፤ የእርሻ ሰሞን ሆኖ ወናፉ ቀዝቅዟል። ስንዱ አላማረረችም። የበሬው ራስ ከባድ ነበር አለች። 

መናገር ነበረብኝ። ራሴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። እውነትም አሞኛል።

መስከረም 26

ወባ። ብርድ። ጋቢ በጋቢ ላይ።

መስከረም 27

ላብ። ኪኒኑ ጆሮዬን ያንጫጫዋል። ወ/ሮ ጥዑም የአብሽ ውኃ ታጠጣኛለች። በሕልሜ መደቡ ላይ ተኝቼ ከሥሬ የሚበሉ ነፍሳት ይሰሙኝ ነበር። የሚበሉት ግን እኔን አይደለም፤ በሰላም ይበላሉ።

መስከረም 30

ተነሣሁ። እግሬ አልጸና አለ። ሾርባ ጠጣሁ። ጥሩዬ እዚህ ባለመኖሯ አምላክን አመሰገንሁ።

ጥቅምት 2፣ ከሰዓት በኋላ

ቄስ መርሻ ቤት ሄድሁ። አያ ደምሌን አስጠሩልኝ አልኋቸው፤ አስጠሩት። ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀመጠ። ከመደቡ ነቅዬ የወሰድሁትን ሥር አወጣሁና ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኋቸው። እባጮቹን፣ ማገጡ በእነሱ ብርታት እንዴት እንደ ጠገበና እንደ ለመለመ፣ እንዲህ የለመለመው ሆድ ውስጥ ሲገባ ለምን እንደሚፈላ። ቡሬ ለምን ተረፈ? ስንዱ ስላልነካችው አይደለም፤ ገና ቆሞ ስለነበር ቢላዋው ስለ ደረሰለት ነው። ቢላዋው የባሏ፣ ሸምበቆው የእሷ። ዳልቻ ግን ስንደርስ ወድቋል፤ አልቆለታል።

ቄስ መርሻ እስክጨርስ ጠበቁ።

«እንግዲህ በሬውን የገደለው ማነው? በአጭሩ ንገረኝ ልጄ።»

«እኔ ነኝ አባ። ከነጤዛው በባዶ ሆድ ሲበሉት እንደሚነፋቸው አውቅ ነበር። እያወቅሁ እሺ አልሁት።»

አያ ደምሌ ያን ጊዜ ዞረ።

«ታዲያ ያን ለት ለምን አልነገርኸኝም?»

ረስቼው ነበር አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ። ብዙ አየኝ፤ ይመታኛል ብዬ ነበር። ተነሥቶ ወጣ። ቄስ መርሻ ሥሩን ከእጄ ወስደው ወደ ብርሃኑ ይዘው እያገላበጡ አዩት። ለእሱ ጊዜ ስጠው አሉኝ።

ቀሎኛል አልልህም። ግን ዛሬ እንጀራ በላሁ።

ጥቅምት 5

ኃላፊዬ የበሬውን ወሬ ሰምቶ መጣ። ተቆጣ፤ በእኔ ሳይሆን በወሬው። ማገጡ ሁሉ ይታጨድ አለ፤ መደቡ ይታረስ፣ ሥራው እዚህ ያበቃል። በሬ ስለመሞቱ አታንሣ፤ አንተም በያዝነው ወር መጨረሻ ደብረ ታቦር ትገባለህ። በጥቅምት 16 ተመልሼ ስመጣ ታጭዶ ልየው አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ሊያድነኝ እየሞከረ ነው፤ ራሱንም።

እሺ አላልሁም፤ እምቢም አላልሁም። ማጭድ ግን ከታፈረ ቤት ተዋስሁ። ይዤው ወደ መደቡ ሄጄ እንደ ቆምሁ መሸ። ተመለስሁ።

ደብረ ታቦር። ነፋሻ አየር። ጥሩዬ። ወባ የለም።

ጥቅምት 8

መሬቱ እየደረቀ ነው። ጥቁሩ አፈር መሰንጠቅ ጀምሯል። ጓያና ሽምብራ አሁን ካልተዘራ ርጥበቱ አያደርሰውም። ሜዳው በሙሉ በጥማድ በሬ ተሞልቷል፤ ጅራፍ ከዳር እዳር ይጮኻል። ካልተነኩት ማሳዎች አንዱ የአያ ደምሌ ነው።

ቡሬ ቁስሉ ደርቋል፤ ይሠራል። ግን ብቻውን ነው። አያ ደምሌ መቀናጆ ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረ አሉ፤ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር በሬ አጋጥሞ ተራ በተራ ለማረስ። በዚህ ሰሞን ትርፍ በሬ ያለው የለም። ያለውም ከራሱ ወንድም ጋር ተጋጥሟል። ሚስቱና አራት ልጆቹ ከዚያ ማሳ ነው የሚበሉት።

በመንደሩ ብቻውን የቆመ አንድ በሬ አለ። ዳማ ይባላል። የታፈረ ነው።

ማንም ይህን ጮክ ብሎ አልተናገረም። ሁሉም ያውቃል።

ጥቅምት 10

ቄስ መርሻ ናቸው የተናገሩት። አያ ደምሌን ይዘው እታፈረ ቤት ድረስ ሄዱ። እኔንም አስጠሩኝ። አያ ደምሌ ደጃፉ ላይ ቆመ፣ አልገባም። ግባ ያለውም የለም።

ቄሱ ነገሩን አስረዱ። የሁለቱም ቤት ማሳ አልታረሰም፤ ታፈረም ምርቱን ለባለመሬት እኩል እያካፈለ የሚያርሳት መሬት አለችው፣ ለእሷም ሁለተኛ በሬ ያስፈልጋታል።  ታፈረ ጠይቋት አለ፣ ወደ ሚስቱ እየጠቆመ።

እትዬ ስንዱ እጇ ጭቃ እንደ ሆነ ነበር። የምትሠራውን ድስት አልተወችም፤ ከንፈሩን በጣቷ እያስተካከለች ነው የተናገረችው።

«በሬው ይሂድ፤ በሬው ምን በደለ። እሱ ግን የተናገረውን በተናገረበት ቦታ ይመልሰው። እዚህ መጥቶ በጆሮዬ ቢነግረኝ አልሻም።»

አያ ደምሌ ፊቱ ጠቆረ። ጥሎ ሄደ። ቄስ መርሻ ተከተሉት። ልክ ናት አልሁ በልቤ፤ ግን ፈራሁ። እንደሱ ያለ ሰው በሰው ፊት ቃሉን ከሚያጥፍ ማሳው ጦም ቢያድር ይመርጣል ብዬ።

ጥቅምት 11

አያ ደምሌ ማሳው ዳር ተቀምጦ ዋለ አሉ። ስንጥቁ እጅ ያስገባል።

ዛሬ ማገጡን ላጭድ ሄድሁ። አላጨድሁም። ደካማ ነህ በለኝ።

ጥቅምት 12፣ ሚካኤል፣ ከቀትር በኋላ

ቅዳሴው ወጣ። ሰው ከዛፉ ጥላ ሥር ተሰበሰበ፤ የሸክላው ጉድጓድ ነገር የሚወሰንበት ቀን ነው። ስንዱና ታፈረ እንደ ልማዳቸው ከዳር፣ ከቅጥሩ አጠገብ ቆሙ። አያ ደምሌ ከፊት ነበር። ቄስ መርሻ ገና ሳይጀምሩ ተነሣ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሰው ለመስማት ተጠጋ።

«የስንዱ ዓይን በሬዬን በላው ብዬ እዚሁ ቆሜ ተናግሬ ነበር። አልበላችውም። ዳልቻን የገደለው ርጥብ ማገጥ ነው። ነፍሱ ስትወጣ ራሱን ደግፋ የያዘችልኝ እሷ ናት። እኔ አልያዝሁትም፤ እሷ ያዘችው።»

ተቀመጠ።  አንዲት አሮጊት አጉረመረመች፤ ሁለት ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። ሁሉም አመነ አልልህም። ስንዱ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ እኔ ተነሣሁ። እያወቅሁ እሺ ማለቴን በሰው ፊት ደገምሁት።  የሰደበኝ አለ። ይገባኛል።

ውሳኔ፦ ስንዱ ትቆፍራለች። የላዩን አፈር ለብቻው ትከምራለች፣ ሲደፈን መልሳ ከላይ ታለብሰዋለች። በቢጫው መደብ ላይ ከአረንጓዴው መደብ አፈር ይበተንበታል። ከብት ማገጡ ላይ የሚገባው ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ገለባ በልቶ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ። የሚጠብቀውም መንደሩ በተራ። ቄስ መርሻ የዝውውሬን ወሬ ሰምተው ኖሮ፣ ሰውዬው የት ይሄዳል አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። ቁፋሮው በኅዳር ነው፤ የላዩና የታቹ አፈር የት ላይ እንደሚለይ ማን ያሳያታል?



ጥቅምት 14

ቡሬና ዳማ ተጠመዱ። አልተግባቡም። ቡሬ ረዥም፣ ዳማ አጭር፤ ቀንበሩ ተጋደመ። ቡሬ የዳልቻን ጎን ለምዶ ኖሮ ወደ ውጭ እየገፋ አስቸገረ። አያ ደምሌ ጅራፉን አላነሣም። ታፈረ ከፊት ሆኖ እየመራ፣ እሱ እርፉን ይዞ፤ የመጀመሪያው ትልም ጠመመ። ሁለተኛው ትንሽ ቀና። ፀሐይ ከፍ ስትል ተስማሙ።

ምሳ አብረው አልበሉም። የአያ ደምሌ ሚስት የባሏን ምሳ ይዛ ከላይ በኩል ተቀመጠች፤ ታፈረ ከታች በኩል የራሱን በላ። ስንዱ አልመጣችም። በሬዎቹ ሲያርፉ ግን ሁለቱ ወንዶች ወደ ቡሬ ሽንጥ ሄደው ጠባሳውን ጎን ለጎን ሆነው አዩ። አያ ደምሌ በአውራ ጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ቢላዋውን ደህና አድርገህ ስለኸው ነበር አለው። ታፈረ፣ እሱ ቢላዋ ቆዳ መፋቂያ ነው አለ። ይኸው ነው የተነጋገሩት።

የአያ ደምሌ ግማሽ ማሳ አለቀ። ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ታፈረ ይሻገራሉ።

ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ጥሩዬ ነገሩን ሰምታለች። በዚያው ነጋዴ ላከችብኝ፦ በሬው እንዴት ሞተ፣ አንተስ ምን አልህ? የላክሁላት መልስ እውነቱን ነው። ዝውውሩን ግን አላነሣሁም፤ ገና ከራሴ ጋር አልጨረስሁም ነበር።

አሁን ጨርሻለሁ።

ኃላፊዬ ነገ ይመጣል። መደቡ አልታጨደም፤ አላጭደውም። ፊቱ ቆሜ እነግረዋለሁ፦ በሬ ሞቶብናል፣ የሞተውም በእኔ ጥፋት ነው፤ ማገጡ ግን ይቆያል፤ ቦታው የመንደሩ ነው፣ መንደሩም ወስኗል። እስከ ኅዳር መጨረሻ ከዚህ አልነቃነቅም። ደብረ ታቦርን ከከለከለኝ ይከልክለኝ። ትንኙ ሲቀንስ ጥሩዬን ነይ እላታለሁ። እምቢ ካለች እኔው በየጊዜው እወጣለሁ። ልጁ ሲወለድ ግን እዚያ መሆን አለብኝ፤ ይህን አስቀድሜ እጠይቀዋለሁ፣ ከሁሉ በፊት...

የመኪና ድምፅ ነው። ከደጃፌ ቆመ። ነገ ነበር ያለው። ወ/ሮ ጥዑም ስሜን እየጠራች ነው፤ ልውጣ